የላላው ኒውትራል፦ በውጭ አገር ስለተገዛ አንድ የሣር ማጨጃና ስለተቃጠሉ የቤት ዕቃዎች የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ቤት የተከራዩ ባልና ሚስት በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምክንያት የደረሱባቸውን ሦስት ጉዳቶችና ከዚያ በኋላ የተወሰደውን እርምጃ ይመረምራል። የኪራይ ውላቸው የግቢውን ሣር የማጨድ ኃላፊነት በእነርሱ ላይ የጣለ በመሆኑ፣ ነገሩ የተጀመረው በሣር ማጨጃ ነው፤ የተጠናቀቀው ግን በብሬከር ሳጥኑና ከዚያም አልፎ በመንገዱ ምሰሶ ላይ ነው። እኔ በኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና ሙያ የምተዳደር ስሆን፣ ጉዳዩን የማውቀው በቤቱ ተገኝቼ ስለለካሁና ስለጠገንኩ ነው። ከሦስቱ ጉዳቶች ትልቁ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ሊቀር ይችል ስለነበር፣ ያን ቀን ያለፍኩትን ነገር ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ።

ቤቱና አብረው የመጡት ዕቃዎች

ቤተሰቡ የመጣው የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ከሆነበት አገር ነው፤ ኸርዝ ማለት የኤሌክትሪኩ ጅረት በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገረው ቁጥር ነው። የገቡበት ቤት ግን የሚጠቀመው 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ከምሰሶው የሚገባለት መስመር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች (ፌዞች) እና የጋራ መመለሻቸው የሆነ አንድ ሽቦ (ኒውትራል) አሉት። ይህም ማለት በየትኛውም ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 230 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 400 ቮልት ይገኛል ማለት ነው። አንባቢ ይህን 400 የሚለውን ቁጥር እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ የሦስተኛው ጉዳት ምሥጢር ያለው እርሱ ዘንድ ነው።

በመርከብ ከመጡት ዕቃዎች መካከል የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮቹ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ስላለባቸው፣ የሶኬት መለወጫ ብቻ ተደርጎላቸው ያለ እንከን ሠርተዋል። ችግር ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ባለ ገመድ የኤሌክትሪክ ሣር ማጨጃው፣ 1500 ዋት የሚል የተጻፈበት ትራንስፎርመር፣ እንዲሁም ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ) መከላከያ ያላቸው ሁለት ዲቫይደሮች።

የመጀመሪያውን ጉዳት ያደረሰው ዲቫይደሩ ነው። አባወራው በገቡ በማግሥቱ አንዱን ዲቫይደር በሶኬት መለወጫ በኩል ግድግዳው ላይ ሲሰኩት፣ ገና ምንም ዕቃ ሳይገባበት ፈነዳ፣ ጢስ አወጣ፣ ብሬከሩም ወረደ። ባልና ሚስቱ የቤቱ መስመር የተበላሸ መሰላቸው። ብዙ ሰው ዲቫይደርን ሽቦና ቀዳዳ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ቮልቴጅ የሚመርጥ ዕቃ መሆኑ አይታሰበውም። ሰርጅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ግን በውስጡ ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ክብ አካል አለው። ቫሪስተር በመደበኛው ቮልቴጅ ጅረት አያሳልፍም፤ ቮልቴጁ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ግን በቅጽበት ተከፍቶ ትርፉን በራሱ በኩል ያሳልፋል። ለ120 ቮልት አገር የሚሠራው ዲቫይደር ውስጥ የሚገባው ቫሪስተር በቋሚነት የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው። በ230 ቮልት ላይ ሲሰካ ያለማቋረጥ ይከፈታል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል፤ አጠገቡ መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ካለም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህ የደረሰው ሰው እያየው በመሆኑ ጉዳቱ በጠቆረ ግድግዳ ብቻ አበቃ። ሁለተኛው ዲቫይደር ከነካርቶኑ ተጣለ፤ ትክክለኛው ውሳኔም ይኸው ነበር።

ትራንስፎርመሩ የማይለውጠው ነገር

ሁለተኛው ጉዳት የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ እኔም የተጠራሁት ያኔ ነው። የሣር ማጨጃው ሰሌዳ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 12 አምፔር ይላል። 120 በ12 ሲባዛ 1440 ዋት ስለሚሆን፣ አባወራው 1500 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃል ብለው አስበዋል። ስሌቱ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች አልገቡበትም።

አንደኛው የሞተሩ አነሣሥ ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ የሚስበው ጅረት እየተሽከረከረ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል፣ እርጥብ ወይም የረዘመ ሣር ስለቱን ይዞ ሲያቆመውም ይኸው ስለሚደገም፣ ለሞተር የሚገዛ ትራንስፎርመር ከሰሌዳው ዋት ቢያንስ እጥፍ መሆን ነበረበት። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ ትራንስፎርመር ቮልቴጅን እንጂ ኸርዝን የማይለውጥ መሆኑ ነው። ከ230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚወጣው 120 ቮልት ያው 50 ኸርዝ ነው። የማጨጃውን ሞተር ፈትቼ ሳየው ካርቦን ብሩሽ የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ሆኖ አገኘሁት፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በኸርዙ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ ወደ 3450 ዙር የሚሽከረከረው በ50 ኸርዝ ወደ 2850 ዙር ይወርዳል። ስለቱ ስለሚዘገይ ሣሩን መቁረጡን ትቶ ይቦጫጭቀዋል፤ የሞተሩ ብረት ከታሰበለት በላይ መግነጢስ ስለሚሸከም ጥቅልሉ ይግላል፤ ማቀዝቀዣው ማራገቢያም ከዚያው ዘንግ ጋር ስለሚዞር እርሱም ይደክማል። ትራንስፎርመሩ ራሱ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሲሆን እንዲሁ ከመጠን በላይ ይሞቃል። በዚህ ቤት የሆነውም ይኸው ነው፤ ከሃያ ደቂቃ ማጨድ በኋላ ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸቶ ቆመ።

የኸርዝ ነገር ከቮልቴጅ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው፣ የሶኬቱ ቅርጽ ስለማይናገረው ይመስለኛል። ጃፓን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት፤ አገሪቱ በሙሉ 100 ቮልት ስትጠቀም ምሥራቋ 50፣ ምዕራቧ 60 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ እዚያው አገር ውስጥ ቤት የሚቀይር ሰው እንኳ ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች ሰሌዳ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል።

አባወራው የበለጠ ትልቅ ትራንስፎርመር ልግዛ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ማጨጃው ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ቢሆን ኖሮ ኸርዙ ብዙ ስለማይጎዳው 3000 ዋት ትራንስፎርመር ሊያሠራው ይችል ነበር። ያም ሆኖ አልመክርም፤ እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ለመሸከም የሚከብድ ብረት ነው፣ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ኃይል ይበላል፣ እርጥብ ሣር ላይ እየጎተቱት መዞርም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ማጨጃው ይቅር፣ እዚሁ የሚሸጥ ይገዛ ብዬ ወሰንኩ፤ እነርሱም ተስማሙ።

በዚያው ቀን የቤቱን ቮልቴጅ ለካሁ። እኩለ ቀን ነበር፤ ከሳሎኑ ሶኬት 231 ቮልት አገኘሁና በማስታወሻዬ ላይ «አቅርቦቱ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ልወጣ ስል ወይዘሮዋ፣ «ምድጃውን ሳበራው የመኝታ ቤቱ አምፖል ይደምቃል፤ ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አምፖል ሲደበዝዝ ሰው ይቆጣል፤ ሲደምቅ ግን እንደ ጉዳት አይቆጥረውም። እኔም «አያሳስብዎ» ብያቸው ወጣሁ። በሙያዬ ከተናገርኳቸው ቃላት መካከል የምጸጸትበት አንዱ ይህ ነው።

የማጨጃው ምርጫ

ውጭ አገር በኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ማጨጃ መምረጥ ለቋሚ ባለቤት ከመምረጥ ይለያል። ቋሚው ባለቤት የሚጠይቀው ማሽኑ ሣሩን ይችላል ወይ ብሎ ነው፤ ተዘዋዋሪው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ዕቃ የት ይሆናል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል፣ ዋስትናው የት ድረስ ይጸናል የሚሉትን መጨመር አለበት። የእነዚህ ሰዎች ግቢ ወደ 350 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሜዳ ሣር ነው፤ ከቤት ውጭ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ከሩቁ ጥግ 30 ሜትር ይርቃል።

በእጅ የሚገፋውን፣ እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 ፓተንት ያስመዘገቡበትን ዓይነት ባለ ሲሊንደር ማጨጃ በመጀመሪያ አነሣን። ይህ ማጨጃ ኤሌክትሪክም ቤንዚንም አይፈልግም፣ የትም አገር ይሠራል፣ አቆራረጡም ንጹሕ ነው። ሣሩ በየሳምንቱ ካልታጨደ ግን የረዘመውን ሣር መቁረጡን ትቶ ያስተኛዋል፤ ባልና ሚስቱ ብዙ ጊዜ ስለሚጓዙ አልሆነላቸውም።

የቤንዚን ማጨጃ በቮልቴጅም በኸርዝም አይታሰርም፤ ግቢው ከሺህ ካሬ ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እርሱን እመክር ነበር። ለተዘዋዋሪ ሰው ያለው ችግር ሌላ ነው። ለወራት በታንከሩ የቆየ ቤንዚን ተበላሽቶ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፤ ቤት ለቅቀው ሲሄዱም ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ቤንዚኑና ዘይቱ ፈጽሞ መፍሰስ አለባቸው፤ አጓጓዦች የቤንዚን ሽታ ያለበትን ዕቃ ላለመቀበል በቂ ምክንያት አላቸው።

ባለ ገመዱ ቀላልና ጥገናው ትንሽ ነው፤ እዚሁ የሚሸጠው ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ በመሆኑም የቀደመው ችግር አይነካውም። እዚህ ላይ ሊሰላ የሚገባው ገመዱ ነው። 1600 ዋት ማጨጃ በ230 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ 30 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ሲጠቀሙ በመሄጃና በመመለሻው የሚጠፋው 5 ቮልት ያህል ስለሆነ ምንም አይጎዳም። ያው ገመድ ለአሮጌው 120 ቮልት ማጨጃ ቢሆን ኖሮ ግን በ12 አምፔር ከ8 ቮልት በላይ ያጠፋ ነበር፤ ይህም ከ120ው 7 በመቶ ስለሆነ ሞተሩን ያደክመዋል። በማጠቅለያው ላይ እንደተጠቀለለ የሚሠራ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ልባሱ ሊቀልጥ ስለሚችል፣ ሥራው አጭር ቢሆንም ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ባለ ገመዱን እንድንተወው ያደረገን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የውጭው ሶኬት አር ሲ ዲ የሚባለው፣ ጅረት ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጠው ብሬከር አልነበረውም። ስለቱ ገመዱን ቢቆርጠው እጅ ሊነካው በሚችል ራቁት ሽቦ ላይ 230 ቮልት ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ ባለ ባትሪው ተመረጠ፤ 36 ቮልት፣ ሁለት ባለ 4 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ያሉት። በሱቅ ሣጥን ላይ «40 ቮልት» ተብሎ የሚጻፈውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ አሥር ሕዋሳት 36 ቮልት ሲሰጡ፣ ሙሉ ሲሞሉ 42 ቮልት ገደማ ይደርሳሉ፣ ሻጩም ከፍተኛውን ቁጥር ጠጋግቶ ይጽፋል። የእያንዳንዱ ባትሪ ጉልበት 36 በ4 ተባዝቶ 144 ዋት ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር ያስመረጥኳቸው ለጉዞው ስል ነው፤ በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ያለ ፈቃድ ይገባል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ የሆነው ግን አይፈቀድም። ለትልልቅ ማጨጃዎች የሚሸጡት ባትሪዎች ከዚህ ወሰን በእጅጉ ስለሚበልጡ ሰዎች ሲለቅቁ ጥለዋቸው ለመሄድ ይገደዳሉ።

ባትሪው ራሱ የአገር ቮልቴጅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቻርጀሩ ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የማጨጃውም እንዲሁ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ የሥራ መሣሪያ ቻርጀሮች በብዛት የሚሠሩት ለአንድ የቮልቴጅ ደረጃ ነው፤ የዚህኛውም ሰሌዳ «ከ220 እስከ 240 ቮልት» ይላል። ወደፊት 120 ቮልት ወዳለበት አገር ቢዛወሩ ማጨጃውንና ባትሪውን ይዘው፣ እዚያ የዚያው አምራች ቻርጀር መኖሩን አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የዋስትና ወረቀቱን አብረን አነበብነው፤ ዋስትናው ለተገዛበት አገር ብቻ እንደሆነና ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ የደረሰ ጉዳትን እንደማይሸፍን ይናገራል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን አንቀጽ ማናችንም አላሰብንበትም።

የዚያ ምሽት ጉዳት

ማጨጃው ለሁለት ወር ያህል በሚገባ ሠራ። ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ነፋስ እየነፈሰ ሳለ የቤቱ ግማሽ አምፖሎች ከልክ በላይ ደመቁ፣ ሌላው ግማሽ ፈዘዘ፤ ይህም ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ። ሲመለስ ሶኬት ላይ የነበረው የማጨጃው ቻርጀር፣ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ የኢንተርኔት ማሠራጫው አዳፕተርና ሦስት አምፖሎች ሞተዋል። እዚሁ የተገዛው፣ ለ230 ቮልት የተሠራው አዲሱ ሰርጅ መከላከያ ዲቫይደር ጠቁሯል። ባትሪዎቹ መደርደሪያ ላይ፣ ላፕቶፑም ከሶኬት ውጭ ስለነበሩ ተርፈዋል።

አባወራው ቻርጀሩን ወደ ሻጩ ወሰዱት። የሻጩ ባለሙያ ፈትቶ አይቶ፣ የገባው ቮልቴጅ ከመጠን ያለፈ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም አላቸው። አባወራው እንደ ማምለጫ ቈጠሩት፤ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ላይ የተሰካ ዕቃ እንዴት በቮልቴጅ ይቃጠላል ብለውም ተከራከሩ። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ባለሙያው የተናገረው እውነት ነበር፣ የእርሳቸውም ጥያቄ በቂ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ሰርጅ መከላከያ የተሠራው ከመብረቅ ወይም ከመስመር መቀያየር ለሚመጣ፣ በሚሊዮንኛ ሴኮንዶች ለሚቆጠር የቮልቴጅ ዝላይ ነው። ያን ያህል አጭር ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ማሳለፍ ይችላል። በ230 ቮልት አገር የሚገባበት ቫሪስተር በቋሚነት የሚችለው በአብዛኛው እስከ 275 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ወደ 350 ወጥቶ ለደቂቃዎች ሲቆይ፣ ቫሪስተሩ ያለማቋረጥ ይከፈታል፣ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ዲቫይደርም ይቃጠላል። ከተቃጠለ በኋላ ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለ ከልካይ ወደ ዕቃዎቹ ያልፋል። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ጉዳት መሠረት አንድ ነው፤ መከላከያ ተብሎ የተሸጠው አካል ከሚችለው በላይ ለረጅም ጊዜ ተጭኖበታል።

ታዲያ በ230 ቮልት ቤት ውስጥ 350 ቮልት ከየት መጣ? የወይዘሮዋ አምፖል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የብሬከር ሳጥኑን ሽፋን ከፍቼ የሦስቱን ፌዞች ቮልቴጅ ከኒውትራሉ አንጻር ለካሁ። ምንም ሳይበራ ሦስቱም ወደ 230 ነበሩ። ወይዘሮዋን ምድጃውን እንዲያበሩ ጠየቅኋቸው፤ 2000 ዋት የሚወስደው ምድጃ ያለበት ፌዝ ወደ 198 ወረደ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ወደ 247 ወጡ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭን ቢሆን ወይም አቅርቦቱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ፌዞቹ ይወርዱ ነበር እንጂ ማንኛቸውም አይወጡም ነበር። አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣው የጋራ መመለሻቸው የሆነው ኒውትራል ሲላላ ነው።

ኒውትራሉ ጨርሶ ሲለቅ የሚሆነውን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በአንዱ ፌዝ ላይ 2000 ዋት ምድጃ፣ በሌላው ላይ ደግሞ በድምሩ 200 ዋት የሚወስዱ ዕቃዎች ብቻ ቢኖሩና ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ሁለቱ በተከታታይ ሆነው በፌዞቹ መካከል ያለውን 400 ቮልት ይካፈላሉ። የምድጃው ሬዚስታንስ (ጅረትን የመቃወም መጠኑ፣ በኦም የሚለካው) ወደ 26 ኦም፣ የዕቃዎቹ ወደ 264 ኦም ስለሆነ፣ ክፍፍሉ ለምድጃው 36 ቮልት፣ ለዕቃዎቹ 364 ቮልት ይሆናል። ትንሽ ኃይል የሚወስደው፣ ውድና ስስ የሆነው ዕቃ ትልቁን ቮልቴጅ ይቀበላል። በእውነተኛው ቤት ሦስት ፌዝና ብዙ ዕቃ ስላለ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ነፋሱ የላላውን ማያያዣ ሲያናውጠው ለጥቂት ደቂቃ የሆነው ይህ ነው።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የኃይል አቅራቢው ንብረት ስለሆነ አልነካሁትም፤ ማንም ተከራይ ወይም የግል ባለሙያም መንካት የለበትም። የለካሁትን ቁጥር ጽፈን አስቸኳይ ብለን አስታወቅን። «መብራት ከፍ ዝቅ ይላል» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ውስጥ ይገባል፤ «አንዱ ፌዝ ሲወርድ ሁለቱ ይወጣሉ» የሚለው ግን በሙያው ላለ ሰው የኒውትራል መላላት መሆኑን ወዲያው ያሳውቀዋል። የመጡት ሠራተኞች በምሰሶው በኩል ያለው የአሉሚኒየም ሽቦ ማያያዣ መዛጉንና መላላቱን አግኝተው በአዲስ ተኩት። ከዚያ በኋላ ምድጃው ሲበራ ያየሁት የፌዝ ለውጥ ከ3 ቮልት አይበልጥም ነበር።

የተገጠሙት መከላከያዎች

ባልና ሚስቱ ተከራዮች በመሆናቸው የብሬከር ሳጥኑን ለመንካት የአከራያቸውን የጽሑፍ ፈቃድ ጠየቁ። አከራዩ ፈቀዱ፣ የተገጠመውም ከቤቱ ጋር እንደሚቀር ተስማሙ። ፈቃድ ባይገኝ ኖሮ ቢያንስ ፍሪጁንና ቻርጀሮቹን ሶኬት ላይ በሚሰካ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ የውጭውን ሶኬት ደግሞ በተሰኪ አር ሲ ዲ እጠብቃቸው ነበር። በሳጥኑ ላይ የሚገጠመው ግን በግድግዳ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን ተመራጭ ነው።

ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ ፌዝ የተገጠመው የቮልቴጅ ሪሌ ነው። ይህ መሣሪያ ቮልቴጁን ያለማቋረጥ እየለካ፣ ከተሰጠው ወሰን ሲወጣ በሴኮንድ ክፍልፋይ መስመሩን ይቆርጣል፤ ትርፉን ወደ ራሱ ለመሳብ ስለማይሞክር የቫሪስተር ዕጣ አይደርሰውም። የተፈቀደው የአቅርቦት ልዩነት 10 በመቶ፣ ማለትም ከ207 እስከ 253 ቮልት በመሆኑ፣ የላይኛውን ወሰን 255፣ የታችኛውን 190 አደረግሁት። የመመለሻውን ጊዜ 5 ደቂቃ ያደረግሁት ለፍሪጁ ስል ነው፤ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር እንደጠፋ ወዲያው ቢነሣ ግፊቱ ገና ስላልወረደ ሞተሩ ይጨነቃል። አባወራው ስታቢላይዘር አይሻልም ወይ ብለው ነበር። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው በሰሌዳው ላይ በተጻፈው የግቤት ወሰን ውስጥ የሚወዛወዝን ቮልቴጅ ነው፤ በየቀኑ 180 ለሚደርስበት ቤት ጠቃሚ ነው፤ መቁረጫ ከሌለው ግን ከ350 ቮልት አያድንም።

ከሪሌው ጋር ዋናውን ሰርጅ መከላከያም ገጠምኩ፤ መብረቅና ኒውትራል የተለያዩ ጠላቶች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም። የዚህ መከላከያ ሽቦ ርዝመት በጠቅላላው ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፍጥነት ለሚያልፍ ጅረት እያንዳንዱ ተጨማሪ ስንዝር ሽቦ ወደ ዕቃዎቹ የሚያልፈውን ቮልቴጅ ይጨምራል። ቁልፍ የሚሆነውም ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ መኖሩ ነው።

የኤሌክትሪኩን የመሬት መስመር ስለካ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ቤቱ የራሱ የመሬት ዘንግ (መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ) አለው፤ ሬዚስታንሱ 62 ኦም ነበር። የፌዝ ሽቦ የአንድን ዕቃ ብረት ቢነካ 230 ለ62 ሲካፈል 3.7 አምፔር ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ይህ 16 አምፔር ብሬከርን ስለማይጥለው የዕቃው አካል ኃይል እንደተሸከመ ይቆያል። ሦስተኛ ቀዳዳ ያለው ሶኬት ያየ ሰው ሁሉ ተጠብቄያለሁ ብሎ ያምናል፤ በዚህ ቤት ግን ያ ቀዳዳ ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር። 30 ሚሊአምፔር አር ሲ ዲ ከተገጠመ በኋላ ያው 62 ኦም በቂ ሆኗል፤ ምክንያቱም መቁረጫው ከዚያ ከ3.7 አምፔር ከመቶ እጅ አንድ እጅ ባነሰ ጅረት ይወርዳል። የመሞከሪያውን ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ እንዲጫኑ ነገርኳቸው። የመሬት መስመሩ ከኒውትራሉ በሚወሰድበት አሠራር፣ ብዙ አገሮች ይህን ይጠቀማሉ፣ ኒውትራል ሲበጠስ የዕቃዎች ብረት ራሱ ኃይል ሊሸከም ስለሚችል፣ የሚደምቅ አምፖል ባዩ ጊዜ ዋናውን ብሬከር አውርዶ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

አዲሱ ቻርጀር ከራሳቸው ኪስ ተገዛ። አሁን የሚሰካው ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ነው፣ ባትሪው ሲሞላም ይነቀላል፤ ማጨጃው ለረጅም ጊዜ ሥራ በማይኖረው ወቅት ባትሪዎቹ ግማሽ ያህል ተሞልተው ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ።

ከሦስት ወር በኋላ በአንድ ዝናባማ ሌሊት የሁለተኛው ፌዝ ሪሌ ቆረጠ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላም መለሰ። ምንም አልተቃጠለም። መሣሪያው የመጨረሻውን ልኬት ስለሚይዝ ወይዘሮዋ በማግሥቱ ጠዋት ደውለው ቁጥሩን ከነፌዙ ነገሩኝ፤ 268 ቮልት። የዚያኑ ቀን ሄጄ ምድጃውን አስበርቼ ሦስቱንም ፌዞች ለካሁ፤ ልዩነቱ 2 ቮልት ብቻ በመሆኑ የቤቱ ማያያዣ እንደተተካ ጠንክሮ መቆየቱን አረጋገጥኩ። ወይዘሮዋ ጎረቤቶቻቸውን ሲጠይቁ በዚያው ሰዓት በሁለት ቤቶች አምፖል መድመቁን ሰሙ፤ ከእነርሱ ጋር ሆነው ሰዓቱንና ቁጥሩን ጽፈው ለኃይል አቅራቢው አስገቡ።